ሳውንድ ካርድ በኪሎ አይገዛም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ቤት ውስጥ ሙዚቃ መቅዳት ለሚፈልጉ የወጣው ምክር ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ሳውንድ ካርድ ሲመረጥ ከፍተኛ ኪሎ ኸርዝ (ድምፁን በሰኮንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ የሚናገር ቁጥር) የተጻፈበትን መውሰድ ነው። ሁለተኛ፣ የስቱዲዮ ማይክ ያለው ሰው በአስማሚ ጃክ ከኮምፒውተሩ የማይክ ቀዳዳ ላይ ሰክቶ መጀመር ይችላል። የመጀመሪያው ገንዘብ ያስባክናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለአብዛኞቹ የስቱዲዮ ማይኮች ጭራሽ አይሠራም። አንባቢ በዚህ ምክር ገበያ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

ሳውንድ ካርድ ሥራው ሁለት ነው፤ በገመድ የመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ቁጥሩን ደግሞ መልሶ ሞገድ ያደርገዋል። ማዘርቦርድ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ተበይዶ የሚመጣው ቺፕ ይህን ሁለቱንም ይችላል። ዘፈን ለመስማት፣ ፊልም ለማየት ማንም ተጨማሪ ካርድ አያስፈልገውም። ጣጣው የሚመጣው ሞገዱ ወደ ቁጥር ከመለወጡ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው። ሮዝ ቀለም ያለው 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ የተሠራው ለጆሮ ማዳመጫ ማይክ ነው፤ ለዚያች ማይክ ጥቂት ቮልት ይልክላታል፣ ከዚያ በላይ አቅም የለውም። ኮንደንሰር የሚባለው የስቱዲዮ ማይክ ግን አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት ይፈልጋል። በአስማሚ ጃክ ስትሰኩት ማይኩ ዝም ይላል፤ ተበላሽቶ ሳይሆን ስላልበላ ነው። ኃይል የማይፈልገው ዳይናሚክ ማይክ ድምፅ ያሰማል፣ ነገር ግን ያ ቀዳዳ ማጉላት የሚችለው ጥቂት ስለሆነ ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማል፤ ስታጎሉት ደግሞ ሽሽታው፣ ማለትም ሽሽሽ የሚለው የጀርባ ድምፅ፣ አብሮ ይጎላል። በዚያ ላይ መንገዱ ከግራፊክስ ካርዱና ከፓወር ሰፕላዩ ጎን የሚያልፍ ስለሆነ፣ ማውስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዚዝ የሚል ድምፅ ቀረፃው ውስጥ ይገባል።

የጨዋታ ሳውንድ ካርዶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። 7.1 ቻናል፣ በቀለም የሚያበራ መብራት፣ 192 ኪሎ ኸርዝ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ስለሚወጣው ድምፅ የሚናገር ነው። ሙዚቃ ለሚቀዳ ሰው ዋናው ጉዳይ የሚገባው ድምፅ ነው። ለዚህ የተሠራው ዕቃ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚቀመጥ፣ በዩኤስቢ የሚገናኝ ሣጥን ነው። ስሙ ስለተለየ ሌላ ነገር አይምሰላችሁ፤ እሱም ሳውንድ ካርድ ነው፣ ልዩነቱ ፊት ለፊቱ የማይክ ማጉያ መኖሩ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገቡ እውነተኛ የቀረፃ ካርዶችም አሉ። እነሱ መሰኪያዎቹን በገመድ ወደ ውጭ ያወጣሉ እንጂ ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አያሰኩም።

አሁን ወደ ማጉያው እንምጣ፤ በእኔ አስተያየት ከግዢው ግማሹ እዚህ ላይ ይወሰናል። ፕሪአምፕ የሚባለው ይህ ክፍል የማይክን እጅግ ደካማ ሞገድ ለመለወጥ እስኪበቃ ድረስ ያጎላል። ምን ያህል ደካማ? ሹር ኤስኤም58 የተባለው የታወቀ የዘፋኝ ማይክ 94 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅን ጉልበትና የማጉላትን መጠን መለኪያ ነው) ለሆነ ድምፅ 1.85 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ብዙ ሰው በፖድካስት የሚያየው ኤስኤም7ቢ ደግሞ 1.12 ሚሊቮልት ብቻ። ይህን ወደ 1.2 ቮልት፣ ማለትም የሙያ ዕቃዎች ወደሚነጋገሩበት መጠን ለማድረስ 1,000 እጥፍ ማጉላት ይጠይቃል፤ 1,000 እጥፍ 60 ዴሲቤል ነው። 94 ዴሲቤል ደግሞ ከማይኩ አጠገብ ሆኖ ጠንከር አድርጎ የሚናገር ሰው ድምፅ ገደማ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ የካርዱ ወረቀት ላይ ‘የማይክ ጌይን 45 ዴሲቤል’ የሚል ካነበባችሁ (ጌይን የማጉላት መጠን ነው) እና ማይካችሁ ዳይናሚክ ከሆነ፣ ጌይኑን እስከ መጨረሻው አዙራችሁም አይበቃችሁም። 55 ለኤስኤም58 ዓይነት ማይክ ይበቃል፤ ለኤስኤም7ቢ ግን 60 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ኮንደንሰር ለተመሳሳይ ድምፅ ከ10 እስከ 30 ሚሊቮልት ስለሚያወጣ በዚህ በኩል አያስቸግርም፤ የእሱ ችግር በተቃራኒው ነው። ጮክ ብሎ ሲዘፈንበት ወይም ከበሮ አጠገብ ሲቆም ማጉያውን ያጥለቀልቃል። ለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ‘ከፍተኛ የግቤት መጠን’ የሚለው ቁጥር ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል፤ ‘ፓድ’ የሚል ቁልፍ ያለው ካርድ ደግሞ ሞገዱን በ10 ወይም በ20 ዴሲቤል ቀንሶ ያስገባል።

ሽሽታን የሚናገረው ቁጥር ሌላ ነው፤ ‘ኢአይኤን’ ተብሎ ይጻፋል፤ ማጉያው ራሱ የሚጨምረው ሽሽታ ከማይኩ በኩል ቢመጣ ኖሮ ምን ያህል እንደሚሆን የሚለካ ነው። 150 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) ያለው ማይክ ከራሱ ተፈጥሮ የተነሣ ወደ −131 ዲቢዩ (የሞገድ መጠን በዴሲቤል) የሚጠጋ ሽሽታ ስላለው ማንም ማጉያ ከዚያ በታች መውረድ አይችልም። −127 ወይም −128 የሚል ካርድ ስለዚህ ሊደርስ ወደሚቻለው ጫፍ ተጠግቷል፤ −120 አካባቢ የሆነው ለኮንደንሰር ግድ አይሰጠውም፣ ለዳይናሚክ ግን ይሰማል። አንዱ አምራች ‘ኤ-ዌይትድ’ ብሎ ሲጽፍ ሌላው ሳይጽፍ ቢቀር ሁለቱን እንዳታወዳድሩ፤ ያ መለኪያ ጆሮ እምብዛም የማይሰማውን ሽሽታ ቀንሶ ስለሚቆጥር ቁጥሩን ጥቂት ዴሲቤል ያሳምራል። ቁጥሩን ጭራሽ ያልጻፈ አምራች ካለ ደግሞ ዝምታውን እንደ መልስ ቁጠሩት።

መሰኪያዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፣ የማይክ፣ የላይን (ቀድሞ የጎላ ሞገድ የሚገባበት) እና የጊታር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ባለ ሦስት እግሩን ኤክስኤልአርና ወፍራሙን 6.35 ሚሊሜትር ጃክ የሚቀበል ‘ኮምቦ’ የሚባል መሰኪያ አለ። ኤክስኤልአር ሲገባ ማይክ ነው ብሎ ይወስዳል። ወፍራሙ ጃክ ሲገባ ግን ወይ ላይን ነው፣ ወይ ‘ኢንስት’ ወይም ‘ሃይ-ዚ’ የሚል ቁልፍ ተጭኖ ጊታር ነው። ቁልፉን መርሳት ጊታሩን ይገድለዋል፤ ምክንያቱም የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ፣ ማለትም የአውታሩን ንዝረት ወደ ሞገድ የሚለውጠው ክፍል፣ ደካማ ምንጭ ስለሆነ 1 ሜጋ ኦም ያህል ሸክም ሲያገኝ ብቻ ነው ድምፁ ሙሉ የሚሆነው። 10 ኪሎ ኦም የሆነው የላይን መሰኪያ ላይ ሲሰካ ብሩህነቱ ይጠፋል፣ በብርድ ልብስ የታፈነ ይመስላል። ፒዬዞ (በእንጨቱ ንዝረት የሚሠራ ፒክአፕ) የተገጠመላቸው የእንጨት ጊታሮችና ሌሎች ባለ አውታር መሣሪያዎች በውስጣቸው ባትሪ ያለው ማጉያ ከሌላቸው ከጊታር ፒክአፕ የባሰ ሸክሙን ይፈራሉ፤ 1 ሜጋ ኦም ለእነሱ ዝቅተኛው ነው። ኪቦርድ ወይም ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያ) ግን ላይን ነው፤ ‘ኢንስት’ ተጭኖ ከተሰካ ቶሎ ክሊፕ ያደርጋል፣ ማለትም ድምፁ ከልኩ አልፎ ይሰነጠቃል።

ስለ 48 ቮልቱ፣ ማለትም ፋንተም ፓወር፣ አላስፈላጊ ፍርሃት አለ። ኃይሉ በኤክስኤልአሩ 2ኛና 3ኛ እግር ላይ እኩል ስለሚሄድ በጤነኛ ገመድ የተሰካ ዳይናሚክ ማይክን አይጎዳም። ሊጎዳ የሚችለው በስስ የብረት ጥብጣብ የሚሠራውን ሪበን ማይክንና በተሳሳተ አስማሚ የተገናኘ ዕቃን ነው፤ ለምሳሌ ከኤክስኤልአር ወደ 3.5 ሚሊሜትር በሚለውጥ ገመድ የተሰካ የስልክ ማይክ። ልማዱ ይህ ይሁን፦ ማይኩን ስካ፣ ጌይኑን ዝቅ አድርግ፣ ፋንተሙን አብራ፣ ጥቂት ሰኮንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ጌይኑን ከፍ አድርግ። ሲነቀል በተቃራኒው። ስፒከሩ ክፍት ሆኖ ፋንተም ማብራት ትዊተሩን፣ ማለትም ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን የስፒከር ክፍል፣ የሚያቃጥል ጥይት ይተኩሳል።

ኪሎ ኸርዙን እዚህ ያስቀመጥኩት የሚገባውን ቦታ ስለሰጠሁት ነው። በሰኮንድ 44,100 ጊዜ የሚለካ ካርድ እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሁሉ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ በወጣትነቱ የሚሰማው እስከ 20,000 ገደማ ነው። ለዘፈን 44.1፣ ከቪዲዮ ጋር ለሚሄድ ሥራ 48 ኪሎ ኸርዝ ይበቃል። ባለ 24 ቢት አንድ ትራክ (ለብቻው የተቀዳ አንድ ድምፅ) በ48 ኪሎ ኸርዝ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በ192 ግን 34.56፤ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ይደክማል። ቢቱ፣ ማለትም እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት የቁጥር ርዝመት፣ ይበልጥ ይጠቅማል። 16 ቢት 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል፣ 24 ቢት በወረቀት ላይ 144፤ በተግባር 144 የሚደርስ ካርድ የለም፣ ጥሩዎቹ ከ110 እስከ 120 ይደርሳሉ። የ24 ቢት ጥቅሙ ክሊፕን ፈርቶ ዝቅ አድርጎ የቀዳ ሰው በኋላ ሲያጎላው አለመቀጣቱ ነው። ዛሬ የቀረፃ ካርድ ተብሎ የሚሸጥ አብዛኛው ዕቃ 24 ቢትና 96 ኪሎ ኸርዝ ያሟላል፤ ስለዚህ መምረጫ መሆኑ ቀርቷል። ‘32 ቢት ፍሎት’ የሚለውን ግን በጥንቃቄ አንብቡት፤ ካርዱ ለዚያ ተብለው የተሠሩ ሁለት መለወጫዎች ከሌሉት ፋይሉ ብቻ 32 ቢት መሆኑ የተሰነጠቀን ድምፅ አይመልስም።

መዘግየት፣ በባለሙያው አፍ ሌተንሲ፣ ከማጉያው ቀጥሎ ያለው ትልቁ ጉዳይ ነው፤ የዓምዳችሁ ጽሑፍ ግን ስሙን እንኳ አላነሳም። ኮምፒውተር ድምፅን ጠብታ በጠብታ አይሠራም፤ በቡፈር እያጠራቀመ ነው የሚቀዳው። ቡፈሩ 128 ሳምፕል፣ ማለትም 128 ልኬት የሚይዝ ከሆነ በ48 ኪሎ ኸርዝ 2.7 ሚሊሰኮንድ ነው፤ 256 ከሆነ 5.3፤ 1,024 ከሆነ ከ21 በላይ። ይህ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሲገባም ሲወጣም ነው፤ መለወጫዎቹና ዩኤስቢው የራሳቸውን ይጨምራሉ። በ128 የተዘጋጀ ደህና ካርድ ድምፁን ከማይክ ተቀብሎ በጆሮ ማዳመጫ እስኪመልስ ከ7 እስከ 10 ሚሊሰኮንድ ይወስድበታል። ድምፅ በአየር ላይ በ1 ሚሊሰኮንድ 34 ሴንቲሜትር ስለሚጓዝ፣ 10 ሚሊሰኮንድ ማለት ከአምፕሊፋየሩ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ ጊታር እንደመምታት ነው፤ ጊታረኛ ይችለዋል። ዘፋኝ ግን ይቸገራል። የራሱ ድምፅ በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ወዲያው ይደርሰዋል፣ ከማዳመጫው የዘገየው ሲጨመርበት ሁለቱ ይጋጩና ድምፁ ቱቦ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ከዚህ የተነሣ ከቅኝት የሚወጣ ዘፋኝ ብዙ ነው፤ ጥፋቱ ግን የጉሮሮው አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ‘ዳይሬክት ሞኒተር’ የሚል ቁልፍ ያለው ካርድ መግዛት ነው፤ ይህ ከማይክ የመጣውን ድምፅ ኮምፒውተሩን ሳያዞር ቀጥታ ወደ ማዳመጫው ይልከዋል፣ መዘግየቱ ዜሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የሚዞር መቀላቀያ ያለው ይመረጣል፤ ዘፋኙ የራሱን ድምፅና የተቀዳውን ሙዚቃ እንደ ፍላጎቱ ያመጣጥናል። ይህን የከፈተ ሰው ግን ቀረፃ ፕሮግራሙ ላይ የትራኩን ሞኒተር መዝጋት አለበት፤ ካልዘጋ ድምፁን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ወዲያው አንዴ ዘግይቶ ይሰማና ካርዱ ኤኮ አለው ብሎ ለመመለስ ይሄዳል። በፕሮግራሙ ውስጥ ባለ የጊታር አምፕ ሲሙሌተር ለሚጫወት ሰው ግን ዳይሬክት ሞኒተር አይረዳውም፤ የሚሰማው ጥሬውን ጊታር ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው፤ ከሣጥኑ ይልቅ የምትገዙት ይህንን ነው ብዬ ብል አልሳሳትም። በዊንዶውስ የተለመደው የድምፅ መንገድ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ አደባልቆ ስለሚያሳልፍ ይዘገያል። ስታይንበርግ የተባለው ኩባንያ በ1997 ያወጣው ኤኤስአይኦ ይህን አልፎ ፕሮግራሙን በቀጥታ ከካርዱ ጋር ያገናኛል። አምራቹ ለራሱ ካርድ የጻፈው ኤኤስአይኦ ድራይቨር ካለ ጥሩ ነው። ‘ኤኤስአይኦ ፎር ኦል’ን ጫኑ የሚል ካርድ ግን የራሱ ድራይቨር የለውም ማለት ነው፤ ያ ፕሮግራም ድልድይ ነው፣ ለችግር ጊዜ ያገለግላል፣ አዲስ ካርድ ሲገዛ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ማክ ላይ ኮር ኦዲዮ ሥርዓቱ ውስጥ ስላለ ይህ ጭንቀት የለም። ሊኑክስ ላይ ‘ክላስ ኮምፕላያንት’ የሆነ፣ ማለትም የዩኤስቢን የድምፅ ደንብ የሚከተል ካርድ ያለ ድራይቨር ይሠራል፤ በሶፍትዌር ብቻ የሚከፈቱ ቁልፎች ያሉት ካርድ ግን ሊኑክስ ላይ ግማሽ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል ፋንተሙና ጌይኑ በእጅ የሚነካ ይሁን። ታብሌትና ስልክም ይህንኑ ደንብ ነው የሚፈልጉት።

ድምፁ ጠቅ ጠቅ እያለ ቢቆራረጥ ካርዱን ከመውቀስ በፊት ቡፈሩን ከፍ አድርጉ፤ ስትቀዱ 128፣ ስታቀናብሩ 512 ወይም 1,024። ዊንዶውስ ላይ የኃይል ቁጠባውን አጥፉ፣ ዩኤስቢን በየመሃሉ የሚያስተኛውን ቅንብር ዝጉ፣ ዋይፋዩን ለጊዜው አቋርጡ። ሌተንሲሞን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሥራውን የሚያዘገየው ድራይቨር የትኛው እንደሆነ በስሙ ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ የኔትወርክ ወይም የግራፊክስ ይሆናል።

ዩኤስቢ 3 ከ2 ይፈጥናል ተብሎ መዘግየቱም ያንሳል የሚል እምነት አለ። አንድ የ24 ቢትና 48 ኪሎ ኸርዝ ትራክ በሰኮንድ 1.15 ሜጋቢት ነው፤ ዩኤስቢ 2 ደግሞ 480 ይሸከማል። በአንድ ጊዜ ሁለት ትራክ ለሚቀዳ ሰው መንገዱ ባዶ ነው። ዩኤስቢ ሲ የሚለውም የመሰኪያው ቅርጽ ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም። መታየት ያለበት ኃይሉ ነው። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 5 ቮልትና 500 ሚሊአምፒር፣ በጠቅላላ 2.5 ዋት ነው፤ ካርዱ ከዚህች ውስጥ ለሁለት ማይክ 48 ቮልት ያወጣል፣ ማዳመጫ ይገፋል፣ ራሱንም ያስነሳል። በማከፋፈያ በኩል ሲሰካ የሚጠፋና የሚበራ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የተራበ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥታ፣ ከካርዱ ጋር በመጣው አጭር ገመድ ይሰካ።

ለማዳመጫው ቀዳዳም ይህ ይሠራል። በዩኤስቢ ኃይል ብቻ የሚኖር ካርድ 250 ኦም የሆነ የስቱዲዮ ማዳመጫን በበቂ ላይገፋው ይችላል፤ ከበሮ ሲመታ አብሮ ለሚዘፍን ሰው ድምፁ ያንስበታል። ከ32 እስከ 80 ኦም የሆነ፣ ጆሮን ሙሉ የሚዘጋ ማዳመጫ ይስማማዋል። ክፍቱ ማዳመጫ ለመቀናበሪያ ጥሩ ነው፣ ሲቀዳ ግን የሜትሮኖሙን ምት ወደ ማይኩ ያፈሳል።

ስፒከሮች ላይ እምም የሚል ድምፅ ካለ (በ50 ወይም በ60 ኸርዝ፣ እንደ መብራቱ) ምክንያቱ ኮምፒውተሩና ስፒከሩ በሁለት መንገድ ከመሬት መገናኘታቸው ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀሉት፤ ድምፁ ከጠፋ ታወቀ። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ስኩ፣ ካርዱንም ከስፒከሩ ጋር ባላንስድ በሆነ (አንዱን ሞገድ በሁለት ሽቦ ተቃራኒ አድርጎ የሚልክ)፣ ጃኩ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ባለው 6.35 ሚሊሜትር ገመድ አገናኙ። ለዚህ ደግሞ ካርዱ ባላንስድ መውጫ ሊኖረው ይገባል፤ ቀይና ነጭ ባለ ክብ መሰኪያ ብቻ ያለውን ተዉት። የመሬቱን እግር ቆርጦ መጣል ድምፁን ያጠፋል፣ ሰውንም ሊያጠፋ ስለሚችል ማንም አይሞክረው።

ስንት መግቢያ? ብቻውን ለሚሠራ ሰው ሁለት። ዘፋኝና ጊታር በአንድ ጊዜ፣ ወይም አንድ መሣሪያ በሁለት ማይክ ይቀዳል። አራት ሰዎች አብረው ለሚጫወቱበት አራት፤ ከበሮ ላለበት ስምንት። ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ይሸውዳል፦ ‘18 መግቢያ’ ከሚለው ውስጥ ስምንቱ አዳት በሚባል የብርሃን ገመድ የሚመጡ፣ ሁለቱ ዲጂታል፣ ማይክ የሚቀበሉት አራት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። የማይክ ማጉያዎቹን በጣት ቁጠሩ። አዳት ያለው ካርድ ግን ለነገ ያስባል፤ በኋላ ስምንት ማይክ የሚቀበል ሣጥን ገዝቶ በአንድ ገመድ መጨመር ይቻላል (በ48 ኪሎ ኸርዝ ስምንት፣ በ96 አራት ብቻ ያልፋል)። ሁለት ርካሽ ካርዶችን ወይም ሁለት የዩኤስቢ ማይኮችን አንድ ላይ መጠቀም ግን አይመከርም። እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቶቹ ከሚሊዮን በ50 ብቻ ቢለያዩ በደቂቃ 3 ሚሊሰኮንድ ይራራቃሉ፣ የአራት ደቂቃ ዘፈን መጨረሻ ላይ 12።

ያገለገለ ካርድ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ዕቃውን ማየት አይደለም፤ አምራቹ ለሚጠቀሙበት የዊንዶውስ ወይም የማክ ዓይነት ድራይቨር እንዳለው ማረጋገጥ ነው። በፋየርዋየር፣ ማለትም ከዩኤስቢ ጎን በነበረ የቀድሞ መሰኪያ፣ የሚሠሩ በጊዜያቸው ድንቅ የነበሩ ሣጥኖች ዛሬ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ መሰኪያውም ድራይቨሩም ስለማይገኝላቸው በርካሽ ይቀርባሉ። ከዚያ ጌይኑን እያዞሩ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ መስማት፣ እያንዳንዱን መግቢያ በአንድ ማይክ መሞከር፣ ዩኤስቢ መሰኪያውን ቀስ ብሎ መነቅነቅ። ፋንተሙን በመልቲሜትር መለካት ቀላል ነው፤ በኤክስኤልአሩ 1ኛና 2ኛ እግር መካከል፣ ቀጥሎ በ1ኛና 3ኛ መካከል፣ ሁለቱም ከ44 እስከ 52 ቮልት ማሳየት አለባቸው። አንዱ ከሌላው በግልጽ ካነሰ ያ መግቢያ ታሟል። መጨረሻ ላይ የካርዱን መውጫ በገመድ ከራሱ መግቢያ ጋር አገናኝቶ አንድ አጭር ምት ማጫወትና መልሶ መቅዳት ጥሩ ነው፤ ግንኙነቱ የካርዱን ጤና ከማሳየቱም በላይ፣ የተቀዳው ምት ከመጀመሪያው በስንት ሳምፕል ወደ ኋላ እንደቀረ ይታያል፤ ያንን ቁጥር ቀረፃ ፕሮግራሙ ውስጥ ማካካሻ አድርጎ ማስገባት ነው። ይህን ሲሠሩ ስፒከሩ ዝግ፣ ሞኒተሩ ጠፍቶ ይሁን፤ ካልሆነ ድምፁ ራሱን እየዞረ ይጮኻል።

ካርዱ ከተገዛ በኋላ የሚሠራ አንድ ስህተት ደግሞ አለ፤ ዕቃው ላይ ይላከካል። ፕሮጀክቱ 48 ኪሎ ኸርዝ ሆኖ ፋይሉ 44.1 ከሆነና ፕሮግራሙ ሳይለውጥ ካጫወተው፣ ዘፈኑ አንድ ሴሚቶን ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ፣ ፈጥኖም ይሄዳል። ሦስቱንም፣ ካርዱን፣ ፕሮግራሙንና ዊንዶውስን በአንድ ቁጥር ላይ አድርጉ። ሲቀዳ ደግሞ ከፍተኛው ጩኸት በፕሮግራሙ ሜትር ላይ −12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲያርፍ ጌይኑን አስተካክሉ፤ ዘፋኝ ሲሞክርና ሲቀዳ አንድ ዓይነት ስለማይዘፍን የተረፈው ቦታ ያስፈልጋል።

በዓምዳችሁ ምክር የጨዋታ ካርድ የገዙ አንባቢዎች አይጣሉት። ካርዱ ሰማያዊ ቀለም ያለው የላይን መግቢያ ካለው፣ ፋንተም ያለው ትንሽ ሚክሰር ከፊቱ በማስቀመጥ ሥራ ይጀመራል። ማይኩ ወደ ሚክሰሩ ኤክስኤልአር፣ የሚክሰሩ ግራና ቀኝ መውጫ ደግሞ በሁለት ተራ፣ ማለትም አንድ ጥቁር ቀለበት ባላቸው 6.35 ሚሊሜትር ጃኮች ወጥቶ ወደ አንድ 3.5 ሚሊሜትር ስቴሪዮ የሚጋጠም ገመድ ላይ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊው ቀዳዳ። ከአንድ ባላንስድ መውጫ በስቴሪዮ ገመድ ማገናኘት ግን ወጥመድ ነው፤ ግራውና ቀኙ ተቃራኒ ሆነው ይገቡና ዘፈኑ በአንድ ስፒከር ሲጫወት ድምፁ ይጠፋል። የቤት ካርዶች የላይን መግቢያ የሙያ ሚክሰር ከሚያወጣው ያነሰ ሞገድ ብቻ ስለሚችል የሚክሰሩ ማስተር (የዋናው መውጫ ማስተካከያ) ዝቅ ይበል፣ የሚክሰሩ ሜትር ዜሮ ከመድረሱ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ካበራ የሚቀነሰው ማስተሩ ነው እንጂ የማይኩ ጌይን አይደለም። ዘፋኙ ራሱን ከሚክሰሩ ማዳመጫ ቀዳዳ ይስማ፤ በዚህ መንገድ መዘግየት የለም። ቀድሞ የተቀዳው ሙዚቃ ከኮምፒውተሩ ወደ ሚክሰሩ የሚመለስ ከሆነ ግን ወደ ዋናው መውጫ በማይሄድ መግቢያ ይምጣ፤ ብዙ ሚክሰሮች ላይ ‘ቴፕ ኢን’ ወይም ‘ቱ-ትራክ’ ተብሎ ወደ ማዳመጫው ብቻ የሚላክ ቁልፍ አለው። ያ ካልተደረገ የድሮው ሙዚቃ በአዲሱ ትራክ ላይ አብሮ ይቀዳል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይለየውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድምፅ ቀረፃ ባለሙያ